ዛኪር የተረጎመው ፊልም

ከሪማ ያንን ፊልም መጀመሪያ ያየችው በጆሮዋ ነው። ዓይኗ የደረሰበት ብዙ ዘግይቶ፣ ቪዲዮ ቤቱም ተዘግቶ፣ ተርጓሚውንም መንገድ ወስዶ ካስቀረው በኋላ ነው። ተርጓሚው ልጇ ነበር።

አዳማን የሚያውቅ ሰው ነፋሷን ያውቃል። በጋው ሲገባ አቧራውን ከሜዳው አንስታ በየቤቱ የምታድል ከተማ ናት፤ የቀረ እንዳይኖር ቤት ለቤት የምትዞር ይመስል። በዚያ ነፋስ መሃል፣ ፍራንኮ ከሚባለው ሰፈር ዝቅ ብሎ ባጃጆች በሚሰለፉበት ጥግ፣ አንድ የቆርቆሮ ቪዲዮ ቤት ነበር። ባለቤቱ ገመዳ የሚባል፣ ሆዱ ከፊቱ የሚቀድም፣ ሳቅ የሚቀናው ሰው ነው። በግድግዳው ጥላ ሥር ደግሞ ከሪማ መጥበሻዋን ጥዳ ሳንቡሳ ትሸጥ ነበር። ከባቲ ሙሽራ አድርጎ ያመጣት ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ሁለት ልጅ አሳቅፏት መተሃራ መንገድ ላይ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ዛኪርንና ታናሽ እህቱን ሱሃይላን ያሳደገችው በዚያች መጥበሻ ነው።

ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ገብታ አታውቅም። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ወንዱ ጫቱን ታቅፎ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግቶ የሚውልበት ቦታ ነው፤ የሁለት ልጆች እናት እዚያ ምን ትሠራለች። ቆርቆሮ ግን ድምፅ አይከለክልም። እጇ ሊጡን ሲያጣጥፍ ጆሮዋ ውስጥ ነበር፤ ልጇ ጋ።

ተርጓሚ ማለት፣ ዘመኑ ላልደረሰበት ሰው፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ማይክ ይዞ ተቀምጦ፣ ፈረንጁ ሲናገር ከላዩ ላይ በአማርኛ የሚናገር ሰው ነው። ወንዱንም ሴቷንም፣ ሕፃኑንም ሽማግሌውንም፣ ካስፈለገ ፈረሱንም ጭምር እሱ ነው የሚናገርላቸው። የዛኪር እንግሊዝኛ ከስምንተኛ ክፍል አይዘልም፤ ያልገባውን ከሆዱ ያወጣዋል። ክፉው ሰውዬ የሰፈሩን ባለባጃጅ ስም ያገኛል። ሽጉጥ የመዘዘው ፖሊስ «አካም ቡልቴ» ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ ይሰጣል። ሁለት የተዋደዱ ፈረንጆች የሚቀጣጠሩት ሶደሬ ፍል ውሃ ነው። ቤቱ በሳቅ ይናጋል፤ ከሪማም ውጭ ሆና ብቻዋን ትስቃለች፤ ሳንቡሳ ሊገዛ የቆመ ሰው ምን ነካት ብሎ ያያታል። ማታ ቤት ሲገናኙ ታዲያ ትወርፈዋለች። «አንተ ውሸታም፣ ፈረንጅ ሶደሬን የት ያውቀዋል?»

«እማ፣ ውሸት አይደለም፤ ትርጉም ነው» ይላታል።

አንድ ቀን ገመዳ ከመርካቶ በካርቶን ካመጣቸው ያገለገሉ ዲስኮች መካከል ሽፋንም ስምም የሌለው አንድ ፊልም ወጣ። ተከፈተ። አንድ ሰው አልጋ ላይ ተኝቷል፤ ይነቃል፤ አልጋው ግን ዳር የሌለው ነጭ ሜዳ ላይ ነው። ሜዳው መሃል ግድግዳ የሌለው በር ብቻውን ቆሟል። ሰውዬው በሩን ከፍቶ ሲገባ ቤት ነው፤ ቤት ውስጥ ዝናብ ይዘንባል፣ ከመስኮቱ ውጭ ግን ፀሐይ ነው። አንዲት ሴት ፀጉሯን ታበጥራለች፤ ፀጉሯ ወለሉን አልፎ ወንዝ ሆኖ ይፈሳል። ዓሦች በአየር ላይ እየዋኙ በጓዳ ገብተው በሳሎን ይወጣሉ። ሰውዬው ዞሮ ዞሮ ወደ አልጋው ሲመለስ ራሱን ተኝቶ ያገኘዋል። በመጨረሻ ጫማውን እንዳጠለቀ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ውሃው ከላዩ ይገጥማል፣ አልጋው ባዶውን ይቀራል። የሚናገሩት ቋንቋ እንግሊዝኛ አይደለም፤ የማን አገር እንደሆነም ያወቀ አልነበረም።

ተመልካቹ ማጉረምረም ጀመረ። አንዱ ዲስኩ ተበላሽቷል አለ። ሌላው፣ ፊልሙን የሠራው ሰው የቃመውን ጫት ከየት እንዳገኘው ገመዳ ይንገረን ብሎ አሾፈ። ከኋላ በኩል ፉጨት ተነሣ። ዛኪር ማይኩን እንደያዘ ዝም አለ፤ ከሪማ ዝምታውን ከቆርቆሮው ማዶ ሰማችው። ከዚያ ድምፁ መጣ፣ ከወትሮው ዝግ ብሎ።

«ወገኖቼ፣ ይሄ ልጅ የኛው ሰፈር ልጅ ነው። እናቱ ሳንቡሳ ሻጭ ናት።»

የከሪማ መጭለፊያ ዘይቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

ስለ በሩ ተናገረ። እውነት ነው፤ የድሮ ቤታቸው ለመንገድ ማስፋፊያ ሲፈርስ ግድግዳው ሁሉ ተገርስሶ በሩ ከነመቃኑ ብቻውን ቆሞ አድሮ ነበር። ከሪማም ጠዋት ዕቃዋን ጭና ስትሄድ፣ ሰው እያያት፣ ያንን ግድግዳ የሌለው በር በቁልፍ ቆልፋው ነበር። ለምን እንደቆለፈችው እሷም አታውቅም። እጇ ነው የቆለፈው። ሰፈሩ ሲስቅባት የከረመውን ይህን ነገር ዛኪር ሲናገረው ግን የሳቀ ሰው አልነበረም። ዝናቡ ላይ ሲደርስ፣ ቀጥሎ የተከራዩት ቤት ጣሪያ እንዴት ያፈስ እንደነበር፣ እናትና ልጆች ሳፋ መሃላቸው አስቀምጠው እንዴት ይተኙ እንደነበር ተናገረ። ዓሦቹን ግን፣ የቆቃ ዓሦች ናቸው፣ የአዳማ ነፋስ ነው እዚህ ድረስ ያመጣቸው ሲል ቤቱ ፈነዳ። ሳቁ ሳይበርድ ወደ ዝናቡ ተመለሰና በዜማ ያዘው፤

*ደጁ ፀሐይ ሆኖ ቤቴ እየዘነበ፣*
*ማን ያይልኝ ነበር ልቤ እንደረጠበ።*

ሰውዬው ውሃው ውስጥ ሲገባ ደግሞ እንዲህ አለ። «አትደንግጡ። ዋና የለመደው ቆቃ ላይ ነው፤ በዚህ ገብቶ በዚያኛው በር ይወጣል። እማ፣ በሩን አትዝጊው፣ መጣሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊልሙ ስም አገኘ፤ የዛኪር ፊልም። ከመልካሳ፣ ከወንጂ ሳይቀር ሊያየው የሚመጣ ነበር። ያየው ሰው ሁሉ የየራሱን ቤት እንዳየ ነበር የሚያወራው። ገመዳም ነጋዴ ነውና የዛኪርን ድምፅ ከሥዕሉ ጋር አስቀዳና በአንድ ዲስክ ላይ አስቀመጠው። ከሪማ ውጭ ሆና ስንት ጊዜ እንደሰማችው አላህ ይወቀው። በጆሮዋ ያየችው ሰውዬ ረዘም ያለ፣ ጠይም፣ ሲስቅ አንድ ዓይኑን የሚጨፍን ነበር። ልክ እንደ ዛኪር።

ከዚያ ጊዜው ተለወጠ። ፊልሙ ሁሉ በየሰው ኪስ ገባ፤ ወጣቱ በየግንቡ ሥር ስልኩ ላይ አቀረቀረ፤ አግዳሚው ወንበር ባዶውን መዋል ጀመረ። ዛኪር ማይኩን ይዞ ለሦስት ለአራት ሰው መናገር ከበደው። ያን ሰሞን ጓደኛው ኢፋ ይመላለስ ነበር፤ አብረው ቆቃ ላይ ዋና የለመዱ፣ አንዱ አማርኛውን ሌላው ኦሮምኛውን እየተበዳደሩ ያደጉ ልጆች ናቸው። ሁለቱ ይንሾካሾካሉ፤ ከሪማ ስትቀርብ ዝም ይላሉ።

አንድ ማለዳ ዛኪር፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ የጭነት ሥራ ስላገኘን ከኢፋ ጋር ልንሄድ ነው አላት። የትኩስ ሳንቡሳ ፌስታል አስያዘችው፤ እጁን ይዛ መንገድ ድረስ ሸኘችው። የተሳፈሩበት አይሱዙ ግን ሲነሣ አፍንጫውን ያዞረው ወደ ሞጆ አልነበረም። ወደ ወለንጪቲ፣ ወደ መተሃራ፣ አባቱን ወደበላው መንገድ ነበር። ከሪማ አይታለች። አላየሁም ብላ ምላ አታውቅም። ልጇ ሞጆ ካለ ግን ሞጆ ነው ብላ ለራሷ ተረጎመችው፤ ወደ መጥበሻዋም ተመለሰች።

አንድ ጊዜ ደወለ። ከጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ነበር፤ ከድምፁ ይልቅ ነፋሱ ይበልጥ ይሰማ ነበር። «እማ፣ ነፋሱ ቁርጥ የአዳማ ነው» አላት። ከዚያ በኋላ ስልኩ አልጠራም።

ኢፋ ተመለሰ፤ ከስቶ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ለብቻው። ለከሪማ መናገር አቃተውና ለወንድሟ ለጋሽ ኡበይደላ ተናገረ፤ ጀልባዋ የመን ሳትደርስ ተገልብጣለች፣ ዛኪርን ባሕሩ ወስዶታል፣ አስከሬኑም አልተገኘም። ጋሽ ኡበይደላ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ቃላቸውን መዝነው የሚናገሩ ሰው ናቸው፤ ለእህታቸው ቀስ አድርገው ነገሯት። ከሪማ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ሬሳውን ማን አየው? ማንም አላየውም። እንግዲያው ማንም ካላየው እኔም አላየሁትም ብላ ተነሣች።

ኢፋ በኋላ ሞጆ ሥራ አገኘ፤ ዛኪር እሄድበታለሁ ባለው በዚያው ደረቅ ወደብ፣ ኮንቴይነር የሚጭን መኪና ላይ ረዳት ሆነ። አዳማ ባለፈ ቁጥር ሳይገባ አያልፍም። «አካም ጂርቱ፣ አዮ» ብሎ፣ እንደ እናቱ በኦሮምኛ ጠርቷት፣ ይቀመጣል፤ አፉን ለመክፈት ሲቃጣ ከሪማ ትኩስ ሳንቡሳ ትሰጠዋለች። ብላ መጀመሪያ ትለዋለች። ይበላል። ሌላ ትጨምርለታለች። አፉ እንደሞላ ዓይኑ ይሞላል፤ ተሰናብቶ ይወጣል። እንዲህ እያሉ ዓመታት አለፉ።

ገመዳ ቪዲዮ ቤቱን ዘግቶ ቦታውን ለሞባይል ጠጋኝ ባከራየ ጊዜ ዲስኩን በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣላት። የቀረው እሱ ብቻ ነው፤ የተቀዳበት ኮምፒውተር ከተሸጠ ቆይቷል። ሱሃይላ ከፀጉር ቤት ደመወዟ ያገለገለ ዴክ ገዝታ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘችው። ከሪማ ያንን ፊልም ያኔ ነው በዓይኗ ያየችው።

መጀመሪያ ቀን ተከፋች። ሰውዬው መላጣ ፈረንጅ ነበር፤ አንገቱ ወፍራም፣ ፊቱ የፈዘዘ። ይሄ የማነው ብላ ዓይኗን ጨፈነች፤ ስትጨፍን ልጇ መጣ። በሚቀጥለው ዓይኗን ትንሽ ገለጥ አደረገች። እንዲህ እንዲህ እያለች፣ ፊቱ በድምፁ ውስጥ እየሟሟ፣ መላጣው ፀጉር እያበቀለ፣ አንድ ቀን ጥርት ያለው ዛኪር ሆኖ ከአልጋው ላይ ተነሣላት። ሱሃይላ ፈረንጅ ታያለች፤ እናቷ አጠገቧ ተቀምጣ ልጇን ታያለች። አንድ ፊልም ነው፤ አንድ ምንጣፍ ላይ ነው የተቀመጡት።

ሁልጊዜ ዓርብ፣ ሰው ከጁምዓ ሲመለስ ትከፍተዋለች። ከመክፈቷ በፊት ዲስኩን በሻሿ ጫፍ ትወለውለዋለች፤ አቧራው አያስቀምጥማ። የልጅ ፊት እንደምትጠርግ እናት፣ እፍ እያለች፣ እያሻሸች። ሱሃይላ ወስጄ ፍላሽ ላይ ላስገልብጠው ብላ ለመነቻት፤ እሺ አላለችም። ልጄን ከቤት አላስወጣም፣ አንዴ ወጥቶ አይቼዋለሁ አለች። በሩንም መቆለፍ ተወች። አትዝጊው ብሏታልና። ሱሃይላ ሌባ ፈርታ ወንበር ታስደግፍበታለች፤ ከሪማ ወንበሩን ታነሣዋለች። ከጎረቤት ጋር ስታወራም «ትናንት ዛኪር እንዳለው» ማለት ጀመረች። የሰሙት ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፤ እሷ ለምን እንደመጠጡ አይገባትም።

ጋሽ ኡበይደላ ይህን ሁሉ ችለው ከርመው፣ ዘንድሮ ረመዳን ሊገባ ሲል መጡ። ሻይም አልቀመሱ።

«ከሪማ፣ የሞተ ሰው ከኛ የሚጠብቀው ዱዓ ነው። ሌላ ምን ይጠብቃል? አንቺ እሱንም ከለከልሽው።»

«ላልሞተ ሰው የሙት ዱዓ ሲደረግስ፣ ጋሼ? በገዛ እጃችን አልቀበርነውም?»

እነሆ ጭንቋ ሁሉ በሁለቱ ቃላት መካከል ነበር፤ ሞቶ ከሆነ ልጇ በማያውቀው ባሕር ውስጥ ያለ ዱዓ ተኝቷል፤ በሕይወት ካለ ደግሞ እናቱ ገና ትኩስ ድምፁን እየሰማች ልትሸኘው ነው። ከሁለቱ የትኛውን ስህተት ትሳሳት? ሌሊት ስታገላብጥ የምታድረው ይህንን ነው።

«በየጁምዓው ድምፁን እየሰማሁ ሞተ ልበል?» አለች።

«ፊልም ነው እኮ፣ እህቴ። ውሸት ነው።»

«ውሸት አይደለም፤ ትርጉም ነው።»

በመጨረሻ አንድ ነገር ተስማሙ። እሁድ ከዙህር ሶላት በኋላ ሁሉም ይምጣ፤ ፊልሙን አብረዋት ይዩት፤ ድምፁን ይስሙት። ከሰሙት በኋላ ዛኪር ሞቷል ለማለት አፉ የሚታዘዝለት ሰው ካለ ፊት ለፊቷ ይበላት። ያኔ ዱዓው ይደረግ። ማንም ካልደፈረ ግን ይህ ወሬ ቤቷ ውስጥ ዳግመኛ እንዳይነሣ። ጋሽ ኡበይደላ እሺ አሉ፤ ኢፋንም ከሞጆ አስጠሩት።

እሁድ ቤቱ ሞላ። ገመዳ ከሆዱ ጋር ጥግ ያዘ፤ ጎረቤቶች ምንጣፉን አጣበቡት፤ ኢፋ በሩ አጠገብ፣ ጫማ የወለቀበት ቦታ ተኮራምቶ ተቀመጠ። ከሪማ አዲስ ሻሽ አስራለች። እንግዳ ነው ብላ ዲስኩን ከወትሮው አስበልጣ ወለወለችው፤ ነፋሱ ያን ቀን አብዶ ነበርና ሻሿም አቧራ ለብሷል። ሱሃይላ ዴኩን ከፈተች።

አልጋው መጣ። ነጩ ሜዳ መጣ። ድምፁ ግን አልመጣም፤ አሸዋ ብረት ላይ እንደሚጎተት ያለ ጩኸት ነው የወጣው። በመሃል አንድ ቁራጭ ተሰማ፣ «ወገኖ» አለና ተቀደደ። ገመዳ ተነሥቶ ዲስኩን አውጥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። ፊቱ ተለወጠ። ዲስኩ ከዳር እስከ ዳር ተጫጭሯል፤ ጥፍር ያረፈበት ቆዳ መስሏል። በአቧራ ነው የተወለወለው አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። ሁሉም ወደ ከሪማ ሻሽ አየ፣ ወዲያው ደግሞ ሁሉም ወደ መሬት አየ።

ከሪማ እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አየቻቸው። በየጁምዓው ያሻሸችው ልጇን ነበር። በመውደድ ነው የጨረሰችው።

ገመዳ መልሶ ከተተው፤ ጩኸቱን ሙሉ በሙሉ ዝቅ አደረገው። ሥዕሉ እየተቆራረጠ ብቻውን መሄድ ጀመረ፤ ሰውዬው ድምፅ በሌለው ሜዳ ላይ ወደ ድምፅ አልባው በር ይራመዳል። ጋሽ ኡበይደላ ይቅር፣ አጥፉት ሊሉ እጃቸውን ሲያነሡ፣ ከበሩ አጠገብ ኢፋ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ፣ በዚያ በድሮው በቪዲዮ ቤቱ ቃና፣ ተርጓሚ የለም እንዴ አለ። ቀልድ አልነበረም። ልማድ ነበር፤ ማይክ በተበላሸ ቁጥር ከኋላ ወንበር የሚጮኸው ቃል ነበር።

ከሪማ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ወገኖቼ፣ ይሄ ልጅ የኛው ሰፈር ልጅ ነው» አለች። «እናቱ ሳንቡሳ ሻጭ ናት።»

ቃል በቃል ታውቀው ነበር። እሱ ትንፋሽ የወሰደበት ቦታ ትንፋሽ ወሰደች፤ እሱ ያፌዘበት ላይ አፌዘች። ግድግዳ የሌለው በር ላይ ደርሳ፣ ይቺ ሞኝ እናት ቆልፋው ሄደች ስትል የራሷ ሳቅ አመለጣት። የቆቃ ዓሦች በነፋስ ሲመጡ ገመዳ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ሌላ ነገር ዞረበትና ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። ዝናቡ ሲመጣ በዜማ ያዘችው። ድምፅ የላትም፤ የሳንቡሳ ጭስ የበላው ጉሮሮ ነው። ሱሃይላ ግን በዚያ ሻካራ ድምፅ ውስጥ የወንድሟን ድምፅ ሰማች፤ ከየት ወርሶት እንደነበር ያኔ ነው የገባት።

ከዚያ ሰውዬው ውሃው ዳር ደረሰ። ጫማውን እንዳጠለቀ አንድ እግሩን አስገባ፤ ሌላውን አስገባ፤ ውሃው ጉልበቱ ጋ ሲደርስ ዲስኩ ተያዘ። ሥዕሉ ቆመ። መላጣው ፈረንጅ ጀርባውን ሰጥቷቸው፣ ውሃ ውስጥ፣ ወደፊትም ወደኋላም ሳይል ቀረ።

እዚህ ላይ ነበር ዛኪር አትደንግጡ ያለው። ከሪማ አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። ዞር ስትል ግን ኢፋን አየችው። ሁሉም ሰው ሥዕሉን ያያል፤ ኢፋ ብቻ ጀርባውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቶ፣ ግንባሩን ግድግዳው ላይ ተክሎ፣ ሁለት እጆቹን ጭብጥ አድርጎ ይዟል። አንድ ነገር እንዳያመልጠው እንደያዘ ሰው።

በእጇ ሳንቡሳ አልነበረም። የምትሰጠው ነገር አልነበራትም።

«ኢፋ» አለችው፤ «ውሃው ቀዝቃዛ ነበር እንዴ?»

ኢፋ አልዞረም።

«ሞቃት ነበር፣ አዮ። ጨው ነበር። እጁን ይዤው ነበር።» ጭብጡን ፈታው፤ መዳፉን ገልብጦ አየው፤ መልሶ ጨበጠው። «ይዤው ነበር።»

ከሪማ አንገቷን ነቀነቀች፤ ቀስ ብላ፣ ዓመታት ሙሉ ስትጠይቅ የኖረችው ጥያቄ የተመለሰላት ይመስል። ሬሳውን ማን አየው ብላ ነበር። ያየው አልነበረም፤ የያዘው ግን ነበር።

ዲስኩ ተንቀጠቀጠና ለቀቀ። ሰውዬው መራመድ ጀመረ። ከሪማ ወደ ሥዕሉ ዞረች፤ እዚያ የነበረው ፈረንጅ ነው። ወፍራም አንገት ያለው፣ የማታውቀው መላጣ ሰው። ልጇ ከፊቱ ላይ ወርዶ ሄዷል።

«ገባ» አለች። «ዋና ያውቅ ነበር። የለመደው ግን ቆቃ ላይ ነው፤ ይሄ ቆቃ አይደለም። ጓደኛው እጁን ይዞት ነበር። ልጁ ገባ። ገባ፣ አልወጣም።»

ውሃው ገጠመ። አልጋው ባዶውን መጣ፤ መስኮቱ ተከፍቶ መጋረጃው ይውለበለባል። ዛኪር እዚህ ቦታ ላይ ምንም ብሎ አያውቅም፤ እማ መጣሁ ብሎ ማይኩን የሚያስቀምጠው ከዚህ በፊት ነበር። ባዶውን አልጋ የተረጎመው ሰው አልነበረም። ከሪማ ትንሽ እየተወዛወዘች፣ ከየት እንደመጣ በማታውቀው ዜማ፣ ራሷ ተረጎመችው፤

*አልጋው ባዶ ቀርቶ ባለቤቱ ሄደ፣*
*ማንን ልቀስቅሰው ንጋቱ ማለደ።*

ቴሌቪዥኑ ጠቆረ። ሱሃይላ እናቷ እግር ሥር ተደፍታ ነበር። ከሪማ እጇን የልጇ ፀጉር ላይ አሳርፋ ወንድሟን ተመለከተች።

«ጋሼ፣ ዱዓውን ያድርጉለት» አለች። «ብዙ አስጠበቅኩት።»

ጋሽ ኡበይደላ መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ሁሉም ዘረጋ። ኢፋም ከበሩ አጠገብ፣ ያንን ጭብጡን ከፍቶ፣ ባዶ መዳፉን ወደ ላይ አደረገ።

ዱዓው ሲያልቅ ሱሃይላ ተነሥታ ነፋሱን እንዲይዝ ያስደገፈችውን ወንበር ከበሩ ኋላ አነሣችው፤ ሁለቱንም መዝጊያ እስከ መጨረሻው ወለል አድርጋ ከፈተችው፤ ለቅሶ ቤት በሩ አይዘጋምና። ለቅሶውን የሰማ ሰፈርተኛ በነፋሱ መሃል ነጠላውን ይዞ መምጣት ጀመረ። ከሪማ በሩን ትይዩ ተቀምጣ ነበር። ደጃፉ ላይ ጥላ ባረፈ ቁጥር ቀና ትላለች፤ ለረጅም ዘመን የለመደችው ነገር ነውና አንገቷ አልታዘዝ አላት። የሚገባው ግን ለቅሶ ደራሽ ነበር፤ ከኋላውም ሌላ ለቅሶ ደራሽ፣ ከኋላውም አቧራው።